የሁለት ሰዓት ዝምታ

ላንቴ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ በወንድሜ በባርኮት ግቢ፤

በመጀመሪያ ተቀመጪ። ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ትወድቂብኛለሽ። ይህን በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ሻሺቱ ነኝ፣ የወለድኩሽ። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም እጄን አልያዘኝም። ከ«ሀ» ተነስቼ እዚህ ለመድረስ ሰባት ወር ፈጀብኝ። መምህራችን «አንዳንዱ ሰው ሁለት ዓመትም ይፈጅበታል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያን ያሉት ጎረቤታችንን ወለቴን እያዩ ነው።

ባለፈው በስልክ «እማ፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሠራል?» ብለሽ ስቀሻል። መልሱ ይኸውልሽ። ይህ ስልኬ ድምፁ ካልተለቀቀ አይሰማኝም፣ ከተለቀቀ ደግሞ ሙዝ ቆራጩም ጫኚውም አብሮኝ ያዳምጣል። ለወገቤ የነገርሽኝን ቅባት ከእኔ በፊት ሦስት ሰው ገዝቶ ተቀብቶታል። ደብዳቤ ግን አፍ የለውም።

ሌላው ምክንያት መምህር ጥዑመልሳን ናቸው፤ ከደብረ ማርቆስ መጥተው እዚሁ አርባ ምንጭ ጡረታ የወጡት፣ ማታ ማታ እኛን የሚያስተምሩት። «ደብዳቤ ጽፎ መልስ ያልተቀበለ ወደሚቀጥለው ክፍል አያልፍም» ብለውናል። ስለዚህ ካልመለስሽልኝ እናትሽን ጣልሻት ማለት ነው። ወለቴ የጻፈችው ምዕራብ ዓባያ ላለች እህቷ ነው። ምዕራብ ዓባያ! ጠዋት ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት ቦታ ደብዳቤ ይጻፋል? የእኔ አዲስ አበባ ነው የሚገባው፣ በአለምሰገድ አይሱዙ። ሙዙ ከኋላ፣ ደብዳቤዬ ከፊት፣ ጋቢና ውስጥ። ሰውዬው ማክሰኞና ዓርብ ይወጣል፤ መልስሽን አትክልት ገበያው ድረስ ሄደሽ ስጪው።

የቀሩትን ጥያቄዎችሽን ልመልስ። ወገቤ ደህና ነው። ነፋሱ ጥቂት ሙዝ ጥሎብናል፣ አልሞትንም። ዝንጀሮዎቹ አሁንም ይመጣሉ፤ ባለፈው ሳምንት ትልቁን ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ዞር በል፣ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ» አልኩት፣ ዞር አለ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። መምህሩ ስለ አንቺ ጠየቁኝ። «ምን እያጠናች ነው?» አሉ። «ኮምፒዩተር» አልኩ። «የትኛው ዩኒቨርሲቲ?» «ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ ሰርተፍኬት ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ካወለቁ ነገሩ አልጣማቸውም ማለት ነው። ይህ ሰርተፍኬት የምትይው ከዲግሪ ያንሳል ወይስ ይበልጣል? እኔ ይበልጣል ብዬ ወጥቻለሁ። ልክ ካልሆንኩ ቶሎ ንገሪኝ፣ ወሬው ሳይሰፋ ላጥብበው።

እናትሽ ሻሺቱ

(ከታች ያለው ፊርማዬ ነው። ሦስት ቀን ተለማምጄዋለሁ፤ ማንም አስመስሎ ሊፈርመው አይችልም።)


ሽሮ ሜዳ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማዬ፣ ላንቴ፤

እንዳልሽኝ ተቀምጬ ጀመርኩት፣ መሐል ላይ ግን ተነሳሁ። አጎቴ ባርኮት የሚሸምነውን ትቶ መጣና «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለኝ። አሳየሁት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ ካየ በኋላ «ሻሺቱ? ያቺ የእኔ ታናሽ ሻሺቱ?» አለ። ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሸማኔ ሁሉ ያሳየዋል። ስለዘገየሁብሽ ይቅርታ፤ ደብዳቤውን ከእሱ እጅ ማስመለስ አልቻልኩም ነበር።

ሰርተፍኬት ከዲግሪ አይበልጥም፣ እማ። እባክሽ አጥብቢው። ግን ጎን ለጎን አቁመው ቁመት የሚለኩት ነገርም አይደለም። እንደምታውቂው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ያን ዓመት ከክፍላችን ያለፉት ሁለት ልጆች ናቸው። ዲግሪ አራት ዓመት አስቀምጦ ብዙ ነገር ያስተምራል። ይሄኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ሥራ መሥራት ትችያለሽ ወይስ አትችይም? የት ተማርሽ፣ ማን አስተማረሽ አይልም። እኔን ያስተማረኝ ከኢንተርኔት ላይ የማየው ቪዲዮና ሰው የጣለው አሮጌ ራውተር ነው፤ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት።

ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ በስልክ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። የላንቴን መስኖ አስቢ። ውኃው በዋናው ቦይ ይመጣል፣ ለማን መቼ እንደሚከፈት ሰው ያዛል፣ አንድ ቦታ ከተደፈነ ታች ያለው ማሳ ይደርቃል። ኔትወርክም እንዲያ ነው፤ በውኃው ፈንታ መልእክት፣ በቦዩ ፈንታ ኬብል። እኔ የተደፈነው የት እንደሆነ ፈልጌ የምከፍት ሰው ነኝ።

አቶ ሰይፈሥላሴ የሚባሉ ሰው አሉ። ለሆቴሎችና ለክሊኒኮች ኢንተርኔት የሚዘረጋ ትንሽ ድርጅት አላቸው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሥራ ሲበዛባቸው ይጠሩኛል፤ ኬብል እጎትታለሁ፣ መሰላል እይዛለሁ። አሁን ቋሚ ሰው ሊቀጥሩ ነው። «ዲግሪ አልጠይቅሽም። ይህን ሰርተፍኬት እስከ ግንቦት 15 አምጪልኝ፣ ቦታው ያንቺ ነው» ብለውኛል። ቀኑ ካለፈ ሌላ ሰው ይገባበታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህ የተሻለ በር አልተከፈተልኝም፣ እማ።

ፈተናው ሚያዝያ 20፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የፈተና ጣቢያው እስከ ሰኔ ሞልቷል፤ ስለዚህ እዚሁ ክፍሌ ውስጥ፣ በኮምፒዩተሬ እፈተናለሁ። ውጭ አገር የተቀመጠ ፈታኝ በካሜራ ያየኛል። ግድግዳውን፣ የአልጋውን ሥር፣ ጆሮዬን ሳይቀር አሳየዋለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው መግባት የለም፣ ድምፅ መሰማት የለም። ብቻዬን መሆን አለብኝ። አጎቴ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት በግቢው ውስጥ አንድም ሸማኔ መወርወሪያ እንዳይነካ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል።

ልጅሽ ሳባ


ላንቴ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳብዬ፤

አልፌያለሁ! መምህሩ ደብዳቤሽን ክፍሉ ፊት ቆሜ እንዳነበው አደረጉኝ። መስኖው ጋ ስደርስ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ይህች ልጅ ታስረዳለች» አሉ። «በማን ወጥታ!» አልኩ። ሰርተፍኬቱንም አጥብቤዋለሁ፤ ለእሳቸው «ከዲግሪ ጥቂት ያንሳል» ብዬ አርሜያለሁ። ለወለቴ አልነገርኳትም። ለእሷ አሁንም ይበልጣል።

ጾሙን በስልክ ጠይቀሽኛል፤ እየያዝኩ ነው፣ ፋሲካም ሊደርስ ነው፣ አትጨነቂ።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ብቻዬን መሆን አለብኝ ብለሽ የጻፍሽው። ደጋግሜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ያነበብኩት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ግን እኔ ሳነብ አልሳሳትም። ያ ፈታኝ እናት የለውም? እኛ ዘንድ ላም ስትወልድ እንኳ አጠገቧ ሰው ይቆማል። አንቺ የሁለት ዓመት ድካምሽን በሁለት ሰዓት ስትጨርሺ ዙሪያሽ ባዶ ቤት?

ሕጉን አከብራለሁ። እንደዚያ ነው ካልሽ ነው። ግን ሕግ የሚነካው ክፍሉን ነው፣ ደጁን አይደለም።

አለምሰገድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ፖስታ ይዟል። ያንቺ አይደለም። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው የቁም ነገር ደብዳቤ ነው፤ ቀን አለው፣ ጉዳዩ የሚል አለው፣ ከግርጌውም ያው ፊርማዬ። ለማን እንደሆነ አትጠይቂ። ሚያዝያ 20 ራስሽ ታዪዋለሽ፣ ከዚያም «እማ፣ አንቺ ሰው አይደለሽም» ትያለሽ።

እናትሽ


ሽሮ ሜዳ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማዬ፤

እንኳን አደረሰሽ። ትናንት ደጋግመሽ ደውለሽ ስላላነሳሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ታምሜ አይደለም።

ፈተናው አላለቀም። መሐል ላይ ተቋረጠ። መስመሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ፈተናውን ለሚሰጠው ድርጅት ጽፌያለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው። አጎቴም ደህና ነው። ለወለቴና ለመምህሩ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ባለፈው በስልክ የሙዙ ቅጠል ቢጫ ሆኗል ላልሽው፣ ቆርጠሽ ለግብርና ባለሙያዋ አሳዪያት፣ በግምት መድኃኒት አትርጪ።

ሳባ


ላንቴ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳብዬ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አጭር ነው። መምህሩ «አጭር ደብዳቤ የጨዋ ነው» ይላሉ፤ እኔ ግን ያንቺን ጨዋነት አውቀዋለሁ፣ እንዲህ አያጥርም።

መስመር የተቋረጠው እንግዲህ የመስመሩ ጉዳይ ነው፤ እሱን እንደ ቦዩ ትከፍቺዋለሽ። እኔ የምጠብቀው ሌላውን ነው። ስለ ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል የለም! መጥተው የለ እንዴ? እንግዲህ ምስጢር አልቋልና ልንገርሽ። ያን ፖስታ የጻፍኩት ለባርኮት ነው። «ልጃችን ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ትፈተናለች። ሽሮ ሜዳ ያሉትን የጋሞ ሽማግሌዎች ሰብስበህ፣ እርጥብ ሳር ይዛችሁ፣ እሷ ተቀምጣ ሳለ ደጅ ቆማችሁ መርቁልኝ። ምርቃቱ ሲያልቅ አንድ እጅ ትከሻዋ ላይ ይረፍ» ብዬ። አንድ እጅ ነው ያልኩት። እጅ ሰው አይደለም።

ባርኮት በማግስቱ ደውሎ «የጻፍሽውን ፈጽመናል፣ ሰባት ሆነን» አለኝ። ሰባት! እኔ ሦስት አራት ቢገኙ ብዬ ነበር። ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሉም አጨበጨበ። «የሻሺቱ አንድ ወረቀት አዲስ አበባ ላይ ሰባት ሽማግሌ አስነሳ» አሉ። ዋሹ? አልዋሹም።

ግን ትናንት ስደውልለት ባርኮት ድምፁ ሌላ ነው። «ሳባን ጠይቂያት» ብሎ ዘጋው። ምን ልጠይቅሽ?

እናትሽ


ሽሮ ሜዳ፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማዬ፤

ይህን ደብዳቤ ክፍል ፊት አታንብቢው። እቤት ገብተሽ፣ በሩን ዘግተሽ አንብቢው።

መስመር ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። እውነቱን ልጽፍልሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ያን ቀን ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። መወርወሪያ የለ፣ ሬዲዮ የለ። ከግማሽ በላይ ሠርቼ ነበር፣ እማ፤ ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ደጅ ድምፅ ሰማሁ። በዝግታ ነው የጀመሩት። አንዱ ይመርቃል፣ ስድስቱ አሜን ይላሉ። ፈታኙ በስክሪኑ ላይ «ማነው የሚናገረው?» ብሎ ጻፈልኝ። የሚገባውን መልስ ሳስብ በሩ ተከፈተ። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የገባው፤ ጥያቄውን እንዳያይ ብሎ። ሳሩን ይዞ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ከኋላው ስድስቱም በሩ ላይ ቆመዋል፣ ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው። ዞሬ አላየኋቸውም፤ ካሜራው ውስጥ ነው ያየኋቸው። ወዲያው ስክሪኑ ተለወጠ። «ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው በመገኘቱ ፈተናው ተዘግቷል» ይላል።

እነሱ አላወቁም። አጎቴ «አለቀ?» አለኝ። «አለቀ» አልኩት። አንድ በአንድ ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም ለእያንዳንዳቸው አሜን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሥራቸውን ትተው ዳገቱን በእግር ወጥተው የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው።

አጎቴ በሦስተኛው ቀን አወቀ። ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ስቀመጥ አይቶ ጠየቀኝ፣ መዋሸት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ሽመናው ላይ አልተቀመጠም። ሳስበው እንዲህ ነው፤ በአፍሽ ብትነግሪው ኖሮ መጥቶ ይጠይቀኝ ነበር። በጽሑፍ ስለመጣ፣ ቀንና ፊርማም ስላለው፣ እንደ መንግሥት ትእዛዝ አከበረው። በአፍ የገባልኝን ቃል የአንቺ ወረቀት በለጠበት።

ፈተናውን የሚሰጠው ድርጅት ቅሬታዬን ተቀብሎኛል፤ አንድ ጊዜ በነጻ እንድፈተን ፈቅዷል። የሰጡኝ ቀን ግን ግንቦት 26 ነው። አቶ ሰይፈሥላሴ ያሉኝ ግንቦት 15 ነው። ለእሳቸው እስካሁን አልነገርኳቸውም። «ሽማግሌዎች ገቡብኝ» ብዬ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም።

አልተቆጣሁሽም። ተቆጥቼ ነበር፣ አልፏል።

ሳባ


ላንቴ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳባ፤

በሩን ዘግቼ አነበብኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት። ማንበብ ስማር እንዲህ ያለ ወረቀት ይመጣል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

ጥፋቱ የባርኮት አይደለም፤ ንገሪው፣ ሽመናው ላይ ይቀመጥ። የእኔ ነው። አንቺ «ሰው መግባት የለም» ብለሽ ጽፈሻል፣ እኔም አንብቤያለሁ። ያነበብኩትን ግን በልቤ ዳኘሁት፤ «ደጁ ሕግ የለበትም፣ እጅ ሰው አይደለም» እያልኩ። የጻፍኩትም ለአንቺ ብቻ አልነበረም። ሰባት ሽማግሌ የሚያስነሳ ወረቀት ጻፍኩ እንድባል ነው። እንዲህ ብዬ ስጽፈው እጄ ይከብዳል፣ ግን በጋሞ ጎሜ የሚባለውን ነውር የሠራ ሰው ካልተናዘዘ ጥፋቱ ወደ ልጁ ይሻገራል። እንዳይሻገርብሽ ትናንት ማታ ክፍል ውስጥ ተነስቼ ሁሉን ተናግሬያለሁ፤ ያጨበጨቡልኝ ፊት። ወለቴ ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። እንደውም እስክሪብቶ ሳጣ የእሷን ሰጠችኝ።

ከዚህ ጋር አንድ ማመልከቻ አለ፣ ለአቶ ሰይፈሥላሴ። ፖስታው አልተዘጋም። እኔ ራሴ በአለምሰገድ በኩል ልልክላቸው እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። አንብቢው። ትሰጫቸዋለሽ ወይም ትቀጂዋለሽ። የትኛውን እንዳደረግሽም ካልፈለግሽ አትንገሪኝ።

እናትሽ

ለአቶ ሰይፈሥላሴ፣
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስለማስታወቅ

እኔ አመልካች ወ/ሮ ሻሺቱ በላንቴ ቀበሌ ነዋሪ የሆንኩ ሙዝ አምራች ነኝ። ሚያዝያ 20 ቀን ልጄ ሳባ ስትፈተን ሽማግሌዎች ገብተው ፈተናዋ የተዘጋው እኔ በጻፍኩት ደብዳቤ ነው። እሷ አላወቀችም። ሽማግሌዎቹም የተጻፈላቸውን ነው የፈጸሙት። ደግማ የምትፈተነው ግንቦት 26 ቀን ሲሆን እርስዎ የሰጧት ቀን ግንቦት 15 ነው። በመሐል ያሉት አሥራ አንድ ቀናት የእኔ ናቸው፤ በእሷ ላይ እንዳይቆጠሩ በትሕትና እጠይቃለሁ። ልጄ ጎበዝ ናት ብዬ አልጽፍም። እናት ስለሆንኩ አልታመንም። እርስዎ አብረዋት ሠርተዋልና ያውቃሉ።

ወ/ሮ ሻሺቱ (ፊርማ)


ሽሮ ሜዳ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማዬ፤

እናንተ ጋ ዝናብ በርትቷል አሉ፤ ቦዩ እንዳይሰበር ሰው ጥሩ።

ማመልከቻሽን አልቀደድኩትም። አልሰጠሁትምም። አራት ቀን በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ባነበብኩት ቁጥር «እናት ስለሆንኩ አልታመንም» የሚለው ጋ እቆማለሁ። በመጨረሻ ለራሴ አልኩት፤ እናቴ ክፍል ሙሉ ሰው ፊት መነሳት ከቻለች እኔ አንድ ሰው ፊት መቆም እንዴት ያቅተኛል?

ትናንት ገባሁ። ሁሉንም በአፌ ነገርኳቸው፣ ሳሩንም ጋቢውንም። አቶ ሰይፈሥላሴ አልሳቁም። «ስንት ነበሩ አልሽ?» አሉኝ።

«ሰባት።»

«ፈተናው ሲዘጋብሽ ለሽማግሌዎቹ ምን አልሻቸው?»

«አሜን ነዋ።»

«አልተቆጣሽም?»

«እነሱ ፊት? አልተቆጣሁም።»

እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ደንበኛ ቤት ገብተሽ የአንቺ ባልሆነ ጥፋት ሲጮኹብሽ የምትይዣቸው እንዲህ ከሆነ...» ብለው አልጨረሱትም። ከዚያ ቁርጡን ነገሩኝ። ግንቦት 16 ሥራ ይጀምራል፣ ቦታው ባዶ አይቀመጥም። ዲግሪ ያለው አንድ ልጅ አግኝተዋል፤ ለጊዜው ይገባል። ግንቦት 26 ካለፍኩ ቦታው የእኔ ነው፣ ልጁም ይህንኑ ተነግሮት ነው የሚገባው። ካላለፍኩ ግን የእሱ ሆኖ ይቀራል፣ ሌላ ቀጠሮ የለም። የምፈተነውም እዚያው ቢሯቸው ነው፤ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍሏን ባዶ አድርገው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ይዘው።

ስለዚህ አሁንም አላለቀም፣ እማ። ሁለት ሰዓት ቀርቶኛል።

አጎቴ ወደ ሽመናው ተመልሷል። መልእክትሽን ስነግረው «እሷም ትሳሳታለች?» አለ፤ በጣም ነው ደስ ያለው። ግንቦት 26 ጎህ ሲቀድ፣ ከቤት ሳልወጣ፣ ሽማግሌዎቹ መጥተው እንዲመርቁኝ እኔው ራሴ ለምኜዋለሁ። ያኔ ጊዜው ነው፣ የፈለጉትን ያህል ጮክ ይበሉ።

አንድ ልመና አለኝ። ለዚያ ቀን ለማንም አትጻፊ። ለእኔም ቢሆን።

ማመልከቻው ከእኔ ጋር ይቆያል። መልሺው አትበይኝ።

ሳባ


ላንቴ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳባ፤

አልጻፍኩም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ለማንም አልጻፍኩም። መምህሩ የቤት ሥራ ሰጥተውን «ይቅርታ፣ ከመጻፍ ታግጃለሁ» አልኳቸው። «ማን አገደሽ?» አሉኝ፤ «የበላይ አካል» አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሙዝ እንቆርጥ ነበር። ወለቴ ዘፈን ስትጀምር አፏን በእጄ ያዝኩት። «ምን ሆነሻል፣ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማል እንዴ?» አለችኝ። ይሰማ አይሰማ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሁለት ሰዓት ዝም ብዬ ቆረጥኩ። እኔ! ሁለት ሰዓት! ቆራጮቹ ታማ ነው ብለው ውኃ አመጡልኝ።

ከሰዓት በኋላ አይሱዙው ላይ ስንጭን ስልኬ ነዘረኝ። መደወል ትተሽ አጭር መልእክት ነው የላክሽልኝ። ልብሽን ይባርክልኝ፤ አስቀድመሽ አስበሽበታል። መነጽር ሳልዋስ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። «አልፌያለሁ እማ። ሰኞ እገባለሁ።»

ወለቴ ከላይ ሆና «ምንድን ነው?» አለችኝ። «የካርድ ማስታወቂያ ነው» አልኩና የሚቀጥለውን ዘለላ አቀበልኳት። ሌላውንም አቀበልኳት። መኪናው እስኪሞላ ድረስ አቀበልኩ። አለምሰገድ ሸራውን አስሮ ሲወጣ እጄን አወዛወዝኩለት፤ ለእሱም አልነገርኩትም። እንደምታውቂኝ እኔ ወሬ ይዤ ቡና እስኪፈላ የምቆይ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን አንድ ከሰዓት በሙሉ ያንቺ ብቻ ይሁን ብዬ ነው። ሁለት ዓመት የደከምሽበት ነገር እኔ እጅ ከገባ ወዲያው ስለሚሰፋ፣ መጀመሪያ በልኩ ይቀመጥ ብዬ።

ያን ዲግሪ ያለውን ልጅ አስቤዋለሁ። እሱም የሰው ልጅ ነው። እናቱን ካወቅሻት ንገሪኝ፣ አልጽፍላትም፣ ብቻ ልወቃት።

አሁን እቤት ገብቼ ነው የምጽፍልሽ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወለቴ ከደጃፏ ተቀምጣ ምሥር ስትለቅም በመስኮት ትታየኛለች። መምህሩ በዚህ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚህ ያልፋሉ። ቆራጮቹም ገና አልተበተኑም። ሁሉም አሉ። ማንም አላወቀም። ነጠላዬን ለብሻለሁ፣ ጫማዬን አድርጌያለሁ፣ አንድ እግሬ ከደጅ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሳልጨርስ አልወጣም ብዬ ምያለሁ። ጨርሻለሁ። የቀረኝ አራት ነጥብ ነው፤ ይኸው ጣልኩት፣ ወጣሁ።